በመዝገቤ ያልተጻፉት ሦስቱ

አንድን ሥራ በጥንቃቄ ሠርታችሁ፣ ደግማችሁ አይታችሁ፣ «ይህስ እንከን የለውም» ብላችሁ ካስረከባችሁ በኋላ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የተሳሳተ ሆኖ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ቢቸና ላይ ነው። ብዙ ስሕተት ሠርቼ ረስቻለሁ። ይህን ግን ያልረሳሁት የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ ጥቂት ስለ ቀረው ነው።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። ሸዋ ተወልጄ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ቢቸና የተመደብሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሥርዓት እወዳለሁ። የክፍሌ የስም መጥሪያ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሰመረ ነው፤ ጠመኔዬን እንኳ በቁመቱ ደርድሬ ነው የማስቀምጠው። ባልደረቦቼ በዚህ ይሥቁብኛል። የቤት አከራዬ እማማ ደብሬም «ይህ ልጅ ሲሞት እንኳ ተሰልፎ ነው የሚሞት» ይሉኝ ነበር።

እማማ ደብሬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአጥቢያው ምጥ የያዛት ሁሉ የምታስጠራቸው የታወቁ አዋላጅ ናቸው። በዚያ ክረምት ወደ መርጡለ ማርያም በኩል የተዳረችው ልጃቸው እናኑ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። ዝምተኛ ናት፤ ሰላምታ እንኳ የምትሰጠኝ መሬት መሬት እያየች ነበር።

ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ የቢቸናንና የሞጣን ጤና ጣቢያዎች የሚመሩት ኃላፊ አስጠሩኝ። በቢቸናና በሞጣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ሕፃን እንደ ተወለደ፣ ስንቱ እንደ ሞተ፣ ስንት እናትም በወሊድ እንዳለፈች የሚያሳይ መዝገብ ሊያዘጋጁ ፈልገዋል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነበር። ሁለቱ ከተሞች ያሏቸው የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ለጊዜው ቢቸና ተቀምጣለች። ወደፊት የት ትቀመጥ የሚለው በመዝገቡ ይወሰናል፤ ሞት ወደ በዛበት ትሄዳለች። የቢቸናን ሁለት አጥቢያዎች እንድመዘግብ ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ።

እንዴት እንደ ሠራሁት ላስረዳ፤ ስሕተቱ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። አንድ ትልቅ ደብተር ገዝቼ በዓምድ በዓምድ ከፈልሁት። በመጀመሪያው ዓምድ የሕፃኑን ስም፣ በሁለተኛው የአባቱን ስም፣ በሦስተኛው የተወለደበትን ወር፣ በአራተኛው በሕይወት ይኑር ወይም ይሙት እጽፋለሁ። ከአጥቢያ ዳኛው ጋር ሆኜ ቤት ለቤት ዞርሁ። ዳኛው ጥላቸውን ዘርግተው በር ላይ ይቆማሉ፤ እኔ ገብቼ እቀመጥና «ስንት ልጅ ወለዱ? የመጀመሪያው ስም ማን ነው?» ብዬ ብዕሬን አዘጋጃለሁ። ማታ ማታ ንጹሑን እገለብጣለሁ። ይህ አልበቃ ብሎኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄጄ፣ ቄሱ ክርስትና ያነሷቸውን ሕፃናት ስም ከጻፉበት አሮጌ ደብተር ጋር አመሳከርሁት። ሁለቱ ገጠሙ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

በመዝገቤ የሞቱት በኩፍኝና በትክትክ ያለፉ፣ የእግር ልጅ የሆኑ ጥቂት ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ከእናቱ አልጋ ሳይወርድ የሞተ አራስ ልጅ ግን አንድም አልነበረም። ኃላፊው መዝገቡን ሲያዩ «ቢቸና የተባረከች ናት» አሉ። የሞጣው መዝገብ ደግሞ በሞት የተሞላ ሆኖ መጣ። መዝገቡን የሞላችው የዚያ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ ሚስት ነበረች። ውሳኔው ቀላል ሆነ፤ ነርሷ ወደ ሞጣ ትዛወር ተባለ። ኃላፊው ቀድመው ወደ ሞጣ ሄዱ። እሷ ዕቃዋን ሸክፋ በሚቀጥለው ሐሙስ በጭነት መኪና ትከተላቸዋለች። ሁለቱም መዛግብት በማግስቱ ዓርብ ከሞጣ ደብረ ማርቆስ ወዳለው የበላይ መሥሪያ ቤት ይላካሉ። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን የሚያነሣ የለም።

ነርሷ ሲስተር ዘይነባ ትባላለች። የሐረር ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ስትቆጣም የማያስታውቅባት። ሐምሌ አቦ ባለፈ ማግስት ወደ ቤት መጣች። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አዲስ ወረቀት አሰምር ነበር።

«መምህር፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ሞትን ከቢቸና አስወጣኸው» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። «እስቲ የእናኑን መስመር አሳየኝ።»

የመዝገቡ ግልባጭ እጄ ላይ ስለ ነበረ አሳየኋት። በቤቱ ገጽ ኅዳግ ላይ «ልጅ የላትም፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው» ይላል፤ ቀጥ ባለ ጽሕፈት።

ሲስተር ዘይነባ መስመሩን በጣቷ ተከትላ አነበበችው። እናኑ ሁለት ጊዜ፣ እናቷ ገበያ በወጡ ሰዓት፣ በነጠላዋ ተሸፋፍና በስውር ጤና ጣቢያ እንደ ሄደች ነገረችኝ። ምጧ ሲመጣ እዚያ ለመውለድ ወስናለች። ለእሷም የመጀመሪያዬ ነው ብላታለች። ሲስተር ግን ስትመረምራት ከአንድ ጊዜ በላይ እንደ ወለደች አውቃለች። ሳታሳፍራት ቀስ ብላ ልትጠይቃት አስባ ነበር፤ አሁን ግን ቀስ የሚባልበት ቀን አለቀ።

«እሷ ራሷ የነገረችኝን ነው የጻፍሁት» አልኋት።

«በዚህ ዓመት በእኔ እጅ ከተወለዱት ሁለቱ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በሳምንታቸው ሞተዋል። እነሱንም ፈልግልኝ።»

የእናቶቹንና የአባቶቹን ስም ነገረችኝ። ገጾቹን ገለጥሁ። የሁለቱም ቤት ነበረ፤ በሕይወት ያሉት ልጆቻቸውም በስማቸው ተጽፈዋል። የሞቱት የሉም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አየሁ። ሲስተር ተነሥታ ሄደች።

እማማ ደብሬ ከቤት ውስጥ ጥጥ ይፈለቅቁ ነበር። ገብቼ ተቀመጥሁ እንጂ ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም። በመጨረሻ ሲስተር ዘይነባ ሐሙስ ልትሄድ እንደሆነ፣ የምትሄደውም በእኔ መዝገብ ምክንያት መሆኑን ነገርኋቸው። እጃቸው ከጥጡ ላይ ቆመ። ጓዳ የነበረችው እናኑ ሰምታ ኖሮ በጓሮ በኩል ወጣች። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«ሦስት ናቸው» አሉ እማማ ደብሬ። «ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት። አንተ ከመምጣትህ በፊት በየዓመቱ እየመጣች እዚሁ እጄ ላይ ትወልድ ነበር። ሳምንት ጡት ሲስቡ ይቆዩና አፋቸው ግጥም ይላል። ከዚያ ወዲያ የለም።»

ልጅ የማያሳድግ፣ ሾተላይ የሚሉት ክፉ ነገር ይዟታል ብለው ያምኑ ነበር። ጠበል አስጠምቀዋታል፤ ክታብ አስይዘዋታል። ከቤት ውጭ ግን ለማንም አልተነገረም፤ ሾተላይ ያለባት ከተባለች ስሙ ይከተላታል። ባሏም ቢሆን የአሁኑ እንደ ሌሎቹ ከሆነ ሌላ ሊያገባ ዘመዶቹ እየወተወቱት ነው።

እዚሁ ቤት፣ እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጬ ስጠይቅ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። ቅር ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም።

«አንተ የጠየቅኸኝ ስም ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «‘የሕፃኑ ስም ማን ነው’ ብለህ ብዕርህን ቀሰርህ። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ምን ስም አለው? ዳኛውም ጥላውን ዘርግቶ ደጄ ላይ ቆሟል። በማን ስም ልንገርህ?»

ይህን የማታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ ላብራራ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ትነሣለች። ስም የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የሞተ ልጅ ፍትሐት የለውም፤ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ቤተሰቡ በጓሮ ይቀብረውና ነገሩ ያበቃል። እማማ ደብሬ በአገጫቸው ወደ ጓሮ አመለከቱኝ። የእናኑ ሦስት ልጆች ያሉት ጠዋት ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ፎጣዬን የማሰጣበት ግራዋ ሥር ነበር።

የኔ መዝገብ የሚጀምረው በስም ነው። ስም የሌለው መግቢያ የለውም። ያመሳከርሁበት የቄሱ ደብተርም ስም ያላቸውን ብቻ የያዘ ስለሆነ ሁለቱ ቢገጥሙ አያስገርምም። ሁለታችንም በአንድ ወንፊት ነፍተን፣ ያለፈውን ሳናይ የቀረውን ቆጥረናል። ለተማሪዎቼ «መልሳችሁን በሌላ መንገድ አረጋግጡ» እያልሁ የማስተምር ሰው በዚያው መንገድ ተመልሼ ነበር ያረጋገጥሁ።

ሐሙስ እስኪደርስ አምስት ቀን ነበረኝ። እንደገና ልዙር ብል ሰው ይነግረኝ እንደሆነ እማማ ደብሬን ጠየቅኋቸው። ሣቁብኝ። ከዚያ ጥጡን ወደ ጎን አድርገው እንዴት እንደሚጠየቅ ነገሩኝ።

«ስንት ልጅ ወለድሽ አትበል፤ ልጅ አይቆጠርም። ስንት ጊዜ አራስ ተኛሽ በል። አራስነት ማዕርግ ነው፣ አያሳፍርም። ቀጥለህ ደግሞ ከአራስ ቤት ስንቱን ይዘሽ ወጣሽ በል። ከዚያ ዝም በል። ዝም ማለት ትችላለህ?»

እሞክራለሁ አልኋቸው። እሳቸው ግን አላመኑኝም። ነጠላቸውን ደርበው «እኔ እጠይቃለሁ፤ አንተ ጻፍ። አፍህን ለክፍልህ አስቀምጠው» ብለው አብረውኝ ወጡ። ዳኛውን ቤታቸው እንዲያርፉ ለመንናቸው። የመጀመሪያውንም ዓምድ ለወጥሁት፤ በሕፃኑ ስም ፈንታ የእናቲቱን ስም አደረግሁ። በመጨረሻ «በስንተኛው ቀን» የሚል አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ እማማ ደብሬ ስለ እናኑ ልጆች ሲነግሩኝ ቀኑ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

በዚያ አምስት ቀን የሰማሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ጥያቄውን ስትሰማ ሣቀች። «አራስ መተኛትማ ደግ ነው፤ አማቴ ዝም ያለችኝ ያኔ ብቻ ነው» አለች። ስድስት ጊዜ መተኛቷን ነገረችን። እማማ ደብሬ ስንቱን ይዛ እንደ ወጣች ሲጠይቋት ሣቋ ቆመና በጣቶቿ አራት አሳየች። እኔ መቀነስ ብቻ ነበር የቀረኝ። መቀነስን ለሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም።

ዓመተ ምሕረት የምታውቅ ሴት ጥቂት ናት። ጊዜውን ግን ሁሉም ያውቁታል። አንዷ በጽጌ ጾም መግቢያ ትላለች፤ ሌላዋ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ትላለች። የሞተበትንም ቀን ያለ ማመንታት ይነግሩን ነበር። በስምንተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዘጠነኛው፣ እንደገና በስምንተኛው። ባዶ የነበረው ዓምድ ሞላ። በወሊድ ያለፉ እናቶችንም የነገሩን ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ለካ ያለ እናት ከቀረ ቤት ገብቼ የምጠይቃት ሴት ባለመኖሯ እነሱንም ዘልያቸው ኖሯል።

በመጨረሻው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ደብሬ የእናኑን መስመር ራሳቸው አስጻፉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ካዋለዷቸው መካከል በሳምንታቸው የሞቱት ስንት እንደሆኑ እንድቆጥርላቸው ጠየቁኝ። ቆጥሬ ነገርኋቸው። በማግስቱ ስንቄን ራሳቸው ቋጥረው ሰጡኝ።

ሐሙስ ሲስተር ዘይነባ ጋቢና፣ እኔ ከላይ ጆንያ ላይ ሆነን በጭነት መኪና ተነሣን። መዝገቡን እንዳይርስ የጤና ጣቢያው አልጋ ላይ በሚነጠፍ የላስቲክ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጥታኛለች። ደብረ ወርቅን በደኅና አለፍን። ዝናቡ ግን እየበረታ መጣ። ግንደወይን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማው ጭቃው ውስጥ ገባና ያ ሁሉ ተሳፋሪ ቢገፋው አልወጣ አለ። ሾፌሩ ከነገ ወዲያ እንኳ መውጣቱን እንጃ አለ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሞጣ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር በእግሬ ተነሣሁ። አንድ ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው ሽማግሌ ነጋዴ በየመንገዱ ስወድቅ አይተው በቅሏቸውን ሰጡኝ። አልቀመጥም፣ መዝገቡ ብቻ ይቀመጥ አልኋቸው። ሥቀው መዝገቡን ከጭነቱ ላይ አሰሩልኝና እኔን ክንዴን ይዘው ወንዙን አሻገሩኝ። ሞጣ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርሁ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ አንድ ጊዜ አይቶኝ ቁስል ከሚታጠብበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እንድይዝ አዘዘኝ።

ኃላፊው መዛግብቱን በፖስታ አሽገው መኪና ይጠብቁ ነበር። አዲሱን ከፈቱና ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት።

«መምህር፣ ባለፈው ሳምንት ያ ትክክል ነው ብለህ ፈርመሃል» አሉኝ።

«ፈርሜአለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ያ ስሕተት ነው ብዬ ልፈርም ነው የመጣሁት።»

የታሸገውን ፖስታ ቀደው የቀድሞውን መዝገብ አወጡና ብዕር ሰጡኝ። በንጹሑ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በቀይ፣ «ይህ መዝገብ ክርስትና ሳይነሡ የሞቱትን አልያዘምና አይሠራበትም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ቀለል አለኝ።

ኃላፊው «በስንተኛው ቀን» የሚለው ዓምድ ላይ ጣታቸውን አድርገው ቆዩ። የሞጣዋን መዝጋቢ አስጠርተው በእሷስ በኩል እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። እሷ ቀኑን ባትጽፍም ታውቀው ኖሯል፤ ስምንተኛው ቀን ነው አለች። ያን ጊዜ ኃላፊው ነገሩን አስረዱን። በሳምንት ውስጥ አፍን የሚቆልፈው በሽታ የሚገባው በእትብቱ በኩል ነው፤ እትብት በሚቆረጥበት ምላጭና ቁስሉ ላይ በሚደረገው ቅቤ። ይህን ሐኪም ሁሉ ያውቃል። በእነዚህ ከተሞች ይህን ያህል መሆኑን ግን ያሳየ ወረቀት አልነበረም። ነርሷን ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መስጠትም መፍትሔ እንደማይሆን ተናገሩ። ሲስተር ዘይነባ ዐሥራ አምስት ቀን ሞጣ፣ ዐሥራ አምስት ቀን ቢቸና እንድትሆን፣ በሁለቱም ከተሞች የሰፈር አዋላጆችን እየሰበሰበች እንድታስተምር ወሰኑ።

መኪናው ከጭቃው ወጥቶ ሲስተር ሞጣ ስትደርስ ውሳኔውን ነገርኋት። «ሁለት ቤት አደረግኸኝ፤ አንዱን እንኳ አልሞላሁት» አለች። ፊቷ ግን ተፈትቶ ነበር።

ቢቸና ተመልሳ መጀመሪያ የገባችው እማማ ደብሬ ቤት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት እሳቸውን እንዳትወቅሳቸው ነበር። ሲስተር ግን ስለ ሞቱት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ምላጩን የት እንደሚያስቀምጡ ጠየቀቻቸው። እማማ ደብሬ ከግድግዳው ስንጥቅ አውጥተው አሳዩዋት። እሷም ከራሷ ዕቃ አንድ ቆርቆሮ ሣጥን አውጥታ አዲስ ምላጭ፣ ፈትልና ሳሙና አስቀመጠችበት፤ ምላጩና ፈትሉ ሃያ ደቂቃ እንደሚቀቀሉ፣ እትብቱ ላይ ምንም እንደማይደረግ ነገረቻቸው። እማማ ደብሬ አዳመጡ። «ቅቤውስ?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁ። «ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉት» አለቻቸው።

ልጅ የሰው ቀጠሮ አያከብርም። የእናኑ ምጥ የመጣው በፍልሰታ፣ ሲስተር ዘይነባ ሞጣ ሳለች ነው። ጠዋት ነበር። እማማ ደብሬ ከጓዳ ብቅ ብለው ድስቱን ምድጃ ላይ ጣዱና ጠሩኝ።

«ና እስቲ አንተ መቁጠር የምትወድ፤ ሃያ ደቂቃ ቁጠርልኝ። ሳትሞላ እንዳትጠራኝ፣ ብትሞላም እንዳትዘገይ።»

ውኃው መንደቅደቅ ሲጀምር ሰዓቴን አየሁ። ከመጋረጃው ጀርባ «ማርያም፣ ማርያም» ይባላል። እኔ ድስቱን እያየሁ እቆጥራለሁ። ያን ያህል የረዘመ ሃያ ደቂቃ አላየሁም። ሲሞላ ጠራኋቸው፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ድስቱን ይዘው ገቡ። ፀሐይ ሳትከር የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ሴት ናት። እልልታ ግን አልነበረም። እማማ ደብሬ ለጎረቤቶቹ ሁሉ አፋቸውን እንዲይዙ ነግረዋቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም ስለ ቀን አያነሣም፤ ሁላችንም ግን እንቆጥራለን። በሰባተኛው ቀን እማማ ደብሬ እህል አልቀመሱም። በስምንተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሎ አገኘሁት። በር ላይ ቆምሁ። ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሕፃኗ ጡት ስትስብ ነበር፤ ቷ፣ ቷ፣ እያደረገች። ጫማዬን ሳላወልቅ ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ።

ዘጠነኛው አለፈ። ዐሥረኛው አለፈ። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ በቀትር፣ እማማ ደብሬ ብቻቸውን ግቢው መካከል ወጥተው እልልታውን ለቀቁት። ጎረቤታቸው ከአጥሩ ማዶ «ምነው ደብሬ፣ በጾም ማን ተዳረ?» ብላ ጠየቀች። «ማንም አልተዳረም፤ ያለብኝን ዕዳ ነው የምከፍል» አሏትና ደገሙት። እናኑ ከጓዳ ስትሥቅ ሰማኋት። ሣቋን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሕፃኗ በጥቅምት አጋማሽ ክርስትና ተነሣች። አሁን ዳዴዋን ጨርሳ፣ ቆማ፣ በእጇ ያገኘችውን ሁሉ የምትበትን ሆናለች፤ ባለፈው ወር መጥታ ከጠመኔዬ ግማሹን በልታለች። አባቷም ሌላ አላገባም። ሲስተር ዘይነባና እማማ ደብሬ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ፤ ቆርቆሮ ሣጥን የያዙት አዋላጆች ግን በዝተዋል። ከዚያ ወዲህ በአጥቢያው አራስ ልጅ አልሞተም ብዬ አልዋሻችሁም። የሚሞት አለ። የሞተው ግን ይጻፋል፤ የምን ያህል ቀን ልጅ እንደ ነበረም ይጻፋል፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን ለማዳን ከየት እንደሚጀመር ይታወቃል። ስለዚያ መዝገብ ሳስብ እፍረቱ አልጠፋም፤ ይበልጥ የሚሰማኝ ግን በጊዜ መድረሴ ነው። ስሕተቴን ራሴ ሳላውቀው ደብረ ማርቆስ ቢገባ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ እተነፍሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለፈው ፋሲካ ሸዋ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። የበኩር ልጅ ነኝ ስል ነው ያደግሁት። አብረን ተቀምጠን ሳለ ስንት ጊዜ አራስ እንደ ተኛች ጠየቅኋት። አምስት ጊዜ አለችኝ። እኛ አራት ነን። ዝም አልሁ። ከኔ በፊት የነበረውን ነገረችኝ፤ ወንድ ነበር፤ ሰባት ቀን ኖረ። እኔ ስወለድ ሳምንት ሙሉ እንዳልተኛች ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ቆየች። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ እንደሆነም ነገረችኝ፤ የጠየቃት ስላልነበረ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሞክረው፤ አንቺም ሞክሪው። እናታችሁን፣ እኅታችሁን፣ አክስታችሁን ጠይቁ። ስም አትጠይቁ። ስንት ጊዜ አራስ እንደ ተኙ፣ ከአራስ ቤትም ስንቱን ይዘው እንደ ወጡ ጠይቁ። ከዚያ ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም በሉ፤ የነገሯችሁንም ፈቅደው ከሆነ ጽፋችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ አድርሱ።